የሻረግን ጥሯት ያልህ ዕለት

ይበልጤ፣

እንደምን ሰነበትህ ብዬ አልጀምርም፤ የአንተን መሰንበት የሚያውቅ የወሰደህ አምላክ ብቻ ነው። ካንተ ናፍቆት በቀር ደህና ነኝ ብዬም አልዋሽህም፤ ደህና አይደለሁም። ከተለየኸን ሦስት ዓመት ሊሞላ አሥራ አንድ ቀን ቀርቶታል። በነዚህ ዓመታት መቃብርህ ላይ እየመጣሁ ብዙ ወሬ አውርቼልሃለሁ፤ ስለ ልጃችን ስለ እናኑ ትምህርት፣ ስለ ላሟ፣ ስለ እናትህ ወገብ። አንዱን ነገር ግን ጫፉን ነክቼ እየተውሁ ነው የምመለሰው። አፌ ይያዛል። ስለዚህ ልጻፈው ብዬ ተነሳሁ፤ እናኑ ከደብተሯ መሐል ወረቀት ቀድዳ ሰጠችኝ። ደብዳቤው ላንተ ነው፤ ግን አላሽገውም። ያገራችን ሰው ሁሉ ቢያነብበው ደስታዬ ነው፤ እሱንም የሚመለከት ነገር አለበት።

የቤቱን ላስቀድም። ቤታችን ቆርቆሮ ለብሷል። አምስት ክረምት ሙሉ ሣሩ ባፈሰሰ ቁጥር በየጥጉ ሳህን እየደረደርህ፣ የሚመጣው ዓመት በቆርቆሮ ሥር ነን ስትለኝ፣ እኔም የቆርቆሮው ከበርቴ እያልሁ ስስቅብህ የነበረው ነገር ሆኗል። ዝናብ ሲመታው ሰው ከሰው አይደማመጥም፤ እናኑ ስታጠና ጆሮዋን በጥጥ ትደፍናለች። አንተ ብትኖር ኖሮ በሩ ላይ ቆመህ፣ ስሙት እንጂ፣ ስሙት እያልህ ጎረቤቱን ሁሉ ታሰለች ነበር። እኔ ግን ቀና ስል የማየው ሚስማሮቹን ነው። ለምን እንደሆነ ኋላ እነግርሃለሁ።

እናትህ ደህና ናቸው፤ ዓይናቸው ደክሟል እንጂ ምላሳቸው እንዳለ ነው። ላሟ ሁለቴ ወልዳለች፤ የመጀመሪያዋ ጥጃ እንዳንተ ግትር ናት፣ በራሷ መንገድ ካልሆነ አትሄድም። እናኑ አሥረኛ ክፍል ደርሳለች። መንገዱ ሲዘጋና ሲከፈት ትምህርቱም አብሮ እየተዘጋና እየተከፈተ ነው እንጂ ከዚህም ትቀድም ነበር። ቁመቷ ያንተ ነው፤ ንዴቷ የኔ።

አሁን ወደዚያች ቅዳሜ ልመልስህ።

ግንቦት ነበር። ክረምቱ ሳይገባ ቆርቆሮው ይገዛ ብለህ ጥቁሩን በሬ እየነዳህ ጠዋት ወደ ቡሬ ወረድህ። ምሳ ልቋጥርልህ ብልህ፣ ስምንት ሰዓት ላይ ቤቴ ነኝ ብለህ ትተኸኝ ሄድህ። ሁልጊዜም ችኩል ነበርህ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ባጃጅ ከመንገዱ ዳር አወረደህ፤ ሆድህን ይዘህ ጎንበስ ብለህ ስትመጣ ከጓሮ አየሁህ። የበሩን መቃን ተደግፈህ ተቀመጥህና መጀመሪያ ያልኸው፣ ቆርቆሮው ተገዝቷል፣ ነጋዴው ዘንድ አስቀምጬዋለሁ የሚል ነበር። ከዚያ አስመለሰህ። ላብህ በግንባርህ ወረደ። ቀና ብለህ አየኸኝና፣ የሻረግን ጥሯት አልህ። ሦስት ጊዜ ነው ያልኸው።

ይህን ደብዳቤ ለሚያነብ ሌላ ሰው የሻረግ ማን እንደሆነች ልናገር። ከቤታችን በታች፣ ከወንዙ ዳር፣ ብቻዋን ትኖር የነበረች ሸክላ ሠሪ ነች። የቀበሌው እንስራና ድስት ሁሉ ከሷ እጅ የወጣ ነው። ድስቷን እንገዛለን፣ በድስቷ ወጥ እንሠራለን፤ ቤቷ ገብተን ግን እህል አንቀምስም። ሸክላ ሠሪ ቡዳ ናት፣ በዓይኗ ሰው ትበላለች ሲባል ሰምተን ነው ያደግነው። በዚህ የምትስቅ አንተ ብቻ ነበርህ። አንድ ክረምት ዝናብ ይዞህ እሷ ቤት ተጠልለህ የባቄላ ንፍሮ በልተህ ብትመጣ፣ ጤና አዳም ካላኘክህ ቤት አትገባም ብዬ ደጅ አቆምሁህ። እያኘክህ፣ ዓይንህ እንባ እስኪያቀርር ሳቅህብኝ። ከዚያም ወዲህ በደጇ ባለፍህ ቁጥር ሳትቆምና እንዴት ዋልሽ ሳትላት አልፈህ አታውቅም።

እንግዲህ የሷ ስም ካንተ አፍ ሲወጣ ምን እንደሆንን ገምት። ቡዳ የበላው ሰው ይለፈልፋል፣ ሲለፈልፍም የበላውን ሰው ስም ይጠራል፤ ባገራችን ይኼን የማያውቅ የለም። እናትህ፣ ልጄን በላችብኝ ብለው ጮኹ። እኔም ጮኽሁ። ሰው ተሰበሰበ። ነጭ ሽንኩርትና ጤና አዳም ወቅጠን አፍንጫህ ውስጥ ጨመርንብህ። ባጃጁ ገና ከመንገዱ አልተነሳም ነበርና ሾፌሩ ሮጦ መጥቶ፣ ግድ የላችሁም፣ ቡሬ ጤና ጣቢያ ላድርሰው ብሎ ለመነን። ቡዳ የበላውን ሰው መርፌ ከነካው አይተርፍም ብዬ መለስሁት። ያልሁት እኔ ነኝ ይበልጤ፤ በእናትህም በጎረቤትም አላላክክም። ሰውየው ባዶ ባጃጁን እያዞረ ሲሄድ ድምፁን ሰምቻለሁ።

ካፍህ የሚወጣው ትንፋሽ ነጭ ሽንኩርት ነጭ ሽንኩርት ይል ነበር። እኔ የጨመርሁብህ ነው ብዬ አለፍሁት። የነቀዝ መድኃኒት እንደዚያ እንደሚሸት አንዲት ፖሊስ የነገረችኝ ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። በየዓመቱ ጎተራችን ውስጥ ያንን የማስቀምጥ እኔ ነኝ። ጠረኑን ከማንም በፊት ላውቀው የሚገባኝ እኔ ነበርሁ፤ በገዛ እጄ በወቀጥሁት ሽንኩርት ሸፈንሁት።

ወንዶቹ ሄደው የሻረግን ከሥራዋ ላይ አንጠልጥለው አመጧት። እጇ እስከ ክርኗ ጭቃ ነበር። ከቀሚሷ ጫፍ ቀድደን አጠንንህ፤ እንትፍ በይበት ብለን አስገደድናት። አንተ ግን እጇን አፈፍ አድርገህ ያዝህ። ወደ ጆሮዋ ተጠግተህ አንድ ነገር ስትላት ከንፈርህን አይቻለሁ፤ ከጩኸታችን የተነሳ ምን እንዳልሃት አልሰማሁም። ቡዳው ከባለቤቱ ጋር እየተነጋገረ ነው ተባለ። ፀሐይ ሳትጠልቅ አለፍህ፤ እጇን እንደያዝህ።

አሥራ ስምንት ዓመት በትዳር አብሬህ የኖርሁት እኔ እግርህ ሥር ቆሜ፣ የመጨረሻ የጨበጥኸው እጅ የሸክላ ሠሪዋ ሆነ። ጣቶችህን ከጣቶቿ አንድ በአንድ ያላቀቅሁት እኔ ነኝ፤ መዳፍህ ላይ የቀረውን ጭቃ ያጠብሁትም እኔ። ያን ቀን ከሞትህ እኩል ያ እጅ አንገብግቦኛል። ይህን ስጽፍልህ አፍራለሁ፤ እውነቱ ግን ይኼው ነው።

እሷ ዝም አላለችም። ዛሬ ቡሬ ድስት ይዤ ሄጄ አይቼዋለሁ፣ እሱም አይቶኛል፣ ከአንድ ሰውዬ ጋር ጠላ ሲጠጣ ነበር፣ ሰውዬው ጣሳውን ወደ ጓሮ ወስዶ ነው መልሶ የሰጠው እያለች ጮኸች። ጀርባዋን በዱላ መቷት። ቡዳ ሲያዝ ይቀባጥራል አልን፤ በዚያው አለቀ።

አሁን ወደዚያ ሰውዬ ልምጣ። ስሙን አልጽፈውም፤ ባንተ ደብዳቤ ላይ ቦታ የለውም። የቡሬ ገበያ የከብት ደላላ ነው፤ በሬህን ያሻሻጠህ እሱ ነው። በማግሥቱ ለቀብርህ መጣ። ነጭ ጋቢ ለብሶ፣ ወንድሜ፣ ወንድሜ እያለ ደረቱን ሲመታ እኔ ራሴ አዘንሁለት። ቃሬዛህን ተሸከመ። አፈር መለሰብህ። ንፍሯችንን በላ። በአንድ ቀን ትውውቅ እንዲህ የሚያለቅስ ምን ዓይነት ደግ ሰው ነው ተብሎ አገር ተወራለት። በሦስተኛው ቀን ሽማግሎቹ የሻረግ ከቀበሌው ትውጣ ብለው ሲመክሩ፣ በቃል የተባለ ይረሳል፣ በወረቀት ይሁን ብሎ ሐሳብ ያመጣው እሱ ነው። የእጅ ጽሑፉ ያማረ ነበርና እሱው እንዲጽፍ ተደረገ። ይበልጣል የሞተው የሻረግ በልታው ነው፣ ቤተሰቡም ሌላ የሚጠረጥሩት ሰው የለም ብሎ ጻፈ። እኔ ፈረምሁ። እሱ ምስክር ሆኖ ከሥሬ ፈረመ፤ ወረቀቱም በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ተነበበ።

ያቺ ሁለተኛዋ ቃል፣ ሌላ የሚጠረጥሩት የለም የምትለዋ፣ ለምን እንደገባች ያን ጊዜ አንዳችንም አልጠየቅንም። ጽሕፈቱን ግን አደነቅን።

የሻረግ የቻለችውን ያህል እንስራ ባህያ ጭና ወጣች። ገና ያልተተኮሱትን ሰው በእግሩ ረገጣቸው። እኔ አልረገጥሁም፤ ቆሜ ነው ያየሁ። ይኼን እንደ ምሕረት ቆጥሬ ራሴን ያጽናናሁበት ጊዜ ነበር።

ባርባህ ማግሥት ቆርቆሮው በጋሪ ደረሰ። ሰውዬው ለአርባህ መጥቶ አድሮ ነበርና እጅጌውን ሰብስቦ መዶሻ ተቀብሎ ጣራው ላይ ወጣ። ከጎረቤቶቹ ጋር ሲመታ ዋለ። ለካ በሬው ቆርቆሮ ሆኖ ኖሯል ብሎ ሲስቅ ሰምቼው እኔም አብሬው ፈገግ አልሁ። በምን እንደሚስቅ የገባኝ ኋላ ነው። የገደለህ በኪስህ አለ ብሎ ላሰበው ገንዘብ ነበር፤ አንተ ግን በችኮላህ ቀድመኸው ቆርቆሮ ገዝተህበታል። ጠላውን ያጠጣህ መንገድ ላይ ስትወድቅ ሊበረብርህ ነበር፤ አንተ ባጃጅ ይዘህ አመለጥኸው። በከንቱ ነው የሞትኸው ይበልጤ። ለአንዲት ደረሰኝ።

ሚስማሮቹን የማየው ለዚህ ነው። ግማሹን ጎረቤት መታው፣ ግማሹን እሱ። የትኛው የማን እንደሆነ አላውቅም፤ ባውቅ ኖሮ የሱን መርጬ በጥርሴም ቢሆን እነቅለው ነበር። ሁሉንም ልንቀል ብል ክረምት ይመጣል። እናኑ አንድ ቀን መሰላል አቁማ ወጥታ ስታለቅስ አግኝቼ አውርጃታለሁ።

ካንተ በኋላ አራት ሰው ገደለ። አንዱ የሽንዲ ገበሬ፣ አንዱ ከገበዘ ማርያም ወርዶ በቅሎ የሸጠ፣ ሁለቱ ከፍኖተ ሰላም ዙሪያ። ሁሉም ከብት ሸጠው ወደ ቤታቸው የሚመለሱ ነበሩ። አብሯቸው ጠጣ፣ ተከተላቸው፣ ሲወድቁ ኪሳቸውን አራቆተ። ለአንዱ ምች መታው ተባለ፤ ለአንዱ ምንጭ ዳር ጋኔን ያዘው፤ ለሦስተኛው ስለት አስቀርቶ ነው፤ የአራተኛው ወንድሞች የገዛ አማቱን ጠረጠሩ። ኪሳቸው ባዶ የሆነውን ደግሞ መንገደኛ በርብሯቸው ነው ብለው ተዉት። እያንዳንዱ ቀበሌ ለራሱ የሚሆን ምክንያት ፈልጎ አገኘ።

በነሱ ላይ ልፈርድ አልችልም፤ ያየ ሰው አልነበራቸውም። እኛ ነበረን። ያየችው ሴት ጭቃ እጇን ይዛ እልፍኛችን መሐል ቆማ ነበር፤ ባህያ ጭነን ሰደድናት። ዝም ብለን ሰምተናት ቢሆን እነዚያ አራት ሰዎች ዛሬ እርሻቸው ላይ ነበሩ። የአንደኛው ሚስት ፍርድ ቤት አጠገቤ ተቀምጣ፣ አይዞሽ እህቴ ብላ እጄን ያዘችኝ። ማን እንደሆንሁ ብታውቅ ትለቀኝ ነበር እያልሁ እጄን ሳላስለቅቅ ዋልሁ።

እንዴት እንደተያዘ ልንገርህ። ያስያዘችው የሻረግ ናት። ከኛ ተባርራ የገባችው ፍኖተ ሰላም ነበር፤ እዚያም ሸክላ ትሸጣለች። ባለፈው ዓመት በአንድ የገበያ ቀን ለጠላ ሻጭ ጋን ይዛ ብትገባ፣ ሰውዬው በሬ ከሸጡ አንድ ሽማግሌ አጠገብ ተቀምጧል። አወቀችው። ጋኗን አስቀምጣ ጥግ ይዛ ጠበቀች። የሽማግሌውን ጣሳ አንስቶ፣ አባቴ ዝንብ ገብቶበታል፣ ልቀይርልዎ ብሎ ወደ ጓሮ ወጣ፤ ሞልቶ መለሰላቸው። ወደ አፋቸው ሲያነሱት የሻረግ ተወርውራ ጣሳውን ነጠቀቻቸው። ቤቱ ሁሉ እብድ ናት ብሎ ተነሳባት። እሷ የጣሳውን አፍ በመዳፏ ከድና፣ በገበያው መሐል እየተጋፋች፣ ሳታፈስ ፖሊስ ጣቢያ አደረሰችው። ዕድሜዋን ሙሉ እንስራ ስትሸከም የኖረች ሴት ናት።

ተረኛዋ ፖሊስ ከሌላ አገር የመጣች ወጣት ነበረች። የቡዳ ወሬ ጆሮዋ አይገባም። የሻረግን ወንበር ሰጥታ፣ ካንተ ጀምሮ ያየችውን ሁሉ ጻፈችላት። የሻረግን ሰው የሰማት ያኔ ነው፤ ከሁለት ዓመት በኋላ፣ ፈጽሞ የማታውቃት ሴት። ሰውዬው መናኸሪያ ላይ መኪና ሊሳፈር ሲል ተያዘ፤ ከኪሱ የነቀዝ መድኃኒት ወጣ። መጀመሪያ ካደ፤ ከዚያ ያምስታችሁንም ስም አንድ በአንድ ተናገረ። ፖሊሷ ደጃችን ድረስ መጥታ፣ እናቴ፣ የመጀመሪያው ያንቺ ባለቤት ነው ስትለኝ ዱቄት እየነፋሁ ነበር።

አገሩ አፈረ እንዳትል። ሁለት ቀን አፈረ። በሦስተኛው ቀን ከውሃ ስመለስ ሴቶቹ፣ ቡዳ ባትሆን ኖሮ መርዙን በምን ዓይኗ አየችው ሲሉ ሰማኋቸው። ሴትየዋ ብታይም ቡዳ፣ ባታይም ቡዳ። እናትህ እንኳ እስከ ዛሬ፣ መርዙም ይኑር፣ እሷም አልማረችውም ይላሉ። ልጃቸውን ሁለት ጊዜ ገድለው መቅበር ይሻላቸዋል እንጂ አንድ ጊዜ ተሳስቻለሁ አይሉም። ከንግዲህ ላልጣላቸው ብዬ ዝም እላለሁ፤ ያንተ እናት ናቸው።

ክሱ የታየው ፍኖተ ሰላም ነው። መንገድ በተዘጋ ቁጥር ቀጠሮው እየተላለፈ ብዙ ተመላለስን። ሰውዬው ፍርድ ቤት ሲቀርብ ቃሉን ለወጠ፤ ተገድጄ ነው የተናገርሁ አለ። ጠበቃውም ያንን ወረቀት አወጣ። አንዱን ቅጂ ለካስ ይኼን ሁሉ ጊዜ አስቀምጦት ኖሯል። ይህች ምስክር፣ አለ ጠበቃው፣ በደንበኛዬ እጅ በተጻፈ ወረቀት ከመንደሯ የተባረረች ናት፣ ቂሟን ልትወጣ ነው የመጣችው። የሟች ሚስትም ሌላ የምጠረጥረው የለም ብላ ፈርማለች።

ዳኛው ወረቀቱን አሳዩኝና ፊርማው ያንቺ ነው ወይ አሉኝ። እናትህ ከኋላ ተቀምጠዋል፣ ያገሩ ሰው ተቀምጧል፣ የሻረግ ከፊቴ ናት። አዎ የኔ ነው አልሁ። ከዚያ ሁሉንም ተናገርሁ፤ ስሟን እንደጠራህ፣ እጇን እንደያዝህ፣ ባጃጁን እንደመለስሁ፣ ወረቀቱንም አንብቤ እንደፈረምሁ። ከኋላዬ ሰው ሲያጉረመርም ይሰማኛል። የሻረግ አንድ ጊዜ እንኳ ቀና ብላ አላየችኝም።

የአራቱ ሰዎች ስልክና ጋቢ ከሰውዬው ቤት ስለተገኘ፣ የጣሳውም ጠላ ተመርምሮ መርዝ ስለወጣበት፣ በአራቱ ሞትና በሽማግሌው ላይ ባደረገው ሙከራ ጥፋተኛ ተባለ። ዕድሜ ልክ ተፈረደበት። ካንተ ግን የወሰደው ነገር ስለሌለ የተገኘም ነገር የለም። አስከሬንህ አልተመረመረም። ቤተሰብህ በሌላ ምክንያት ሞተ ብሎ ፈርሟል። ባንተ ሞት በቂ ማስረጃ የለም ተብሎ ከዚያ ክስ ነጻ ወጣ። ያው እስር ቤት ነው የሚበሰብሰው፣ ምን ልዩነት አለው ይሉኛል። ለኔ አለው። በመንግሥት መዝገብ ላይ አንተን የገደለ ሰው የለም። ስለ ሞትህ በዚህ ዓለም ላይ ያለው ወረቀት አንድ ብቻ ነው፤ እሱም የሻረግ በላችው ይላል፣ ከሥሩም ስሜ አለ።

ከፍርዱ በኋላ የሻረግ ቤት ሄድሁ። ከከተማው ዳር አንዲት ክፍል ተከራይታ ትኖራለች። ባገራችን ወግ ድንጋይ በአንገቴ ተሸክሜ ደጇ ላይ ተንበረከክሁ። የድስት ከንፈር እያበጀች ነበር፤ ሥራዋን አላቋረጠችም። ከንፈሩን አዙራ ስትጨርስ፣ ድንጋዩን ከዚያ አስቀምጪው፣ ጉልቻ ጎድሎኝ ነበር አለችኝ። ይቅርታውን ደግሞ አልቸኩልበትም፣ አንቺም አልቸኮልሽም አለች። ድንጋዩን አስቀመጥሁ።

ልነሳ ስል አንድ ነገር ብቻ ለመንኋት። ያን ቀን እጅሽን ይዞ ምን አለሽ አልኋት። እጇ ቆመ። በጩኸታችሁ መሐል የሰማሁት ይህን ነው ብላ ነገረችኝ። ያየሽውን ለሚስቴ ንገሪያት፣ እሷ ትሰማሻለች ነው ያልኸው።

ይበልጤ፣ ከፍርድ ቤቱ ይልቅ የፈረደብኝ ይኼ ነው። እሷ ትሰማሻለች። ጤና አዳም እያኘክህ የሳቅህባት ሚስት፣ ቆርቆሮህ ላይ የቀለደችብህ ሚስት፣ በመጨረሻዋ ሰዓትህ የተማመንኸው በሷ ነበር። እኔ ምን እያደረግሁ ነበር? ጣትህን ከጣቷ እያላቀቅሁ ነበር። እዚያው ጭቃ ላይ ተቀምጬ አለቀስሁ፤ የሻረግ አላባበለችኝም፣ አላባረረችኝምም። ድስቱን ጨርሳ ጥላ ሥር ስታስቀምጠው ጠብቄ፣ ወደ አገርሽ ተመለሽ አልኋት። አልመለስም አለች። እንግዲያው ለሙት ዓመቱ ነይ አልኋት። ለሱ ስል እመጣለሁ፣ እህላችሁን ግን አልቀምስም፣ ውሃዬንም ይዤ ነው የምመጣው አለችኝ። እንዲህ ሆንን። እኛ ነበርን የሷን እህል የማንቀምስ።

እናትህ ይህን ሲሰሙ እሷ ከመጣች እኔ የለሁም ብለዋል። እንደሳቸው ያሉ ጎረቤቶችም አሉ። ዳሱ ባዶ ሊሆን ይችላል፤ የጠመቅሁት ጠላ ሊተርፍ ይችላል። ይትረፍ። ከሙት ዓመትህ በፊት ባለው እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ ያኔ ወረቀቱ በተነበበበት በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ይህን ደብዳቤ አነብበዋለሁ። ድምፄ ከተያዘ እናኑ ትጨርስልኛለች። ስለ ሞትህ በዚህ ዓለም ያለው ወረቀት ከንግዲህ አንድ አይደለም፤ ሁለት ነው።

አንተን ላለመርሳት ቃል መግባት አያስፈልገኝም፤ ዝናብ በመጣ ቁጥር ጣራው ያስታውሰኛል። ሰው እንድረሳው የሚፈልገው ሌላውን ነው። ስለዚህ ቃሌ በሱ ላይ ይሁን፤ በሕይወት እስካለሁ ድረስ በየዓመቱ ያንተ ስም በተጠራበት የየሻረግም ስም ይጠራል፣ ሌላ የሚጠራው ቢጠፋ በኔ አፍ። በዳሱ ውስጥ ወንበሯ የኔ ወንበር አጠገብ ነው። አትበላም፣ አትጠጣም፤ የምትናገረው ካለ ግን እሰማታለሁ።

ጥሯት ብለኸኝ ነበር። ጠርቻታለሁ።

ይህንንም አንብቤ ፈርሜያለሁ፤

ሚስትህ ጥሩዓለም